የጨረታ ማስከበሪያ

ክቡር ኮሚቴ ሆይ፣ ሳጥኑ ሳይከፈት፣
ከአራት ሰዓት በፊት፣
አንድ ቃል ልናገር። ሙሄ አራጋው ነኝ፣ ደረጃዬ ስድስት።
አንድ ሚክሰር አለኝ፣ የተከራየሁት፣
አንድ አሮጌ አይሱዙ፣ ሐረጎን ሲወጣ የሚለምን ምሕረት፣
አሥራ ሰባት ግንበኛ፣ ስማቸውን ሁሉ ከነእናታቸው በቃሌ የያዝኩት።

ከጎኔ የቆመው፣ ክራባት ያሰረው፣
ትናንት በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ያረፈው፣
ፖስታው ሦስት ነው፤ ሦስቱም ወፍራም ነው።
ጠላቴ አይደለም። ደጅ ስንጠብቅ ሳለን ሻይ ጋበዘኝ፣
ከዚያ ቀና ብሎ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «ይሄ ተራራ ማነው ስሙ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጦሳ ነው አልኩት።
ያልነገርኩት ግን፦
ሐምሌ ሲገባ ጦሳ ውሃ ያረግዛል፣
ላዩ ደረቅ መስሎ በሆዱ ይጓዛል፣
ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሰው ጓዳ ብቅ ብሎ ምንጣፍ ያቀዘቅዛል።
የአፈር ምርመራው ወረቀት ይህን አይጽፍም፤
የሚያውቁት እትዬ ጦይባ ናቸው፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ግድግዳቸው የሸሸባቸው።

አምና ከሰኞ ገበያ በላይ ያለውን ድጋፍ ግንብ ያሸነፈን ሌላው ነው፣
ልዩነታችንም ሁለት ከመቶ ነው።
ለውሃው መተንፈሻ ቀዳዳ አልተወም፤ ረሳው ወይ ናቀው።
ነሐሴ አጋማሽ ግንቡ ሆዱን ነፋ፣
ማክሰኞ ሌሊት መንገዱ ጠፋ።
ደወልን። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» አለች ያቺ ልጅ፣
አካፋ ይዘን የወጣን እኛ ነን፣ የተሸነፍነው፣ በዝናብ፣ በሰው ደጅ።
ለዚያ ሌሊት ደረሰኝ የለኝም።

«ወገንተኝነት ነው» ትሉኛላችሁ።
የወንዜ ልጅ ማለት ስንቱን ሌባ እንደሸሸገ እኔም አውቃለሁ፤
እንዲያውም ስንቱን ከምል፣ አንዱን ልንገራችሁ።

ከገራዶ ወዲህ፣ የዚያን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ፤
ሲሚንቶ ተወደደ፣ አንድ ለአራቱን አንድ ለሰባት ቀየጥኩኝ፤
ጥር ላይ ግድግዳው ከመስኮት እስከ ጣራ ጥርሱን አሳየኝ።
ማንም አልከሰሰኝ። የርክክብ ፊርማው በኪሴ ነበር።
ግን እኔ የት ልብረር?
ከጁምዓ ስወጣ፣ ለቅሶ ስቀመጥ፣ ዳቦ ቤት ስሰለፍ፣
የሰው ዓይን ከፊቴ ተነሥቶ ወደዚያ ግድግዳ ሲያልፍ፤
የገዛ ልጄ እንኳ፣ እራት እየበላን፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር፣
«አባዬ፣ በስንጥቁ ሰማይ ይታያል» አለችኝ፣ በፍቅር።

ሁለት አይሱዙ ነበረኝ፤ አንዱ ዛሬ ግድግዳ ነው።
አፍርሼ ሠራሁት፣ በገዛ ገንዘቤ፣ ማንም ሳያዘኝ ነው።

እናም ክቡር ኮሚቴ፣ ከባንክ ያመጣሁት ሲፒኦ ትንሽ ነው፣
የሱ ይበልጣል። ይብለጥ። ሌላም ማስከበሪያ አለኝ፣ ባንክ የማያትመው፦
ይሉኝታ።
ስልኬን ብዘጋ እንኳ በሬን ያንኳኳሉ፣
ከሞትኩም ልጆቼን «የዚያ ግንብ ልጆች» ይሏቸዋል እንጂ፣ የሙሄ አይሉም።
ይህን በመዝገብ ያዙልኝ። አምስት ነጥብ ጨምሩ።
ምጽዋት አይደለም፤ ብሰርቅ አሥር ቀንሱ፣
ስሜን ከፒያሳ እስከ ሆጤ ለጥፉት፣ ልጆች ያንብቡት፣ ድንጋይም ያንሱ።
የሚከፈለኝ ብር ደግሞ ሌላ አገር አያድርም፤
ከይማም ሱቅ ሚስማር፣ ከቦርከና አሸዋ፣
የአሥራ ሰባት ቤት የቤት ኪራይ፣ የአንድ ግንበኛ የዓይን መድኃኒት፣
ዙሮ ዙሮ እንደገና እናንተው ዘንድ ይመጣል፣ በግብር መልክ፣ ትንሽ አድፎ።

አራት ሰዓት ሞላ። ደመናው ዝቅ አለ፣ ሸፈነው ጦሳን፣
ሰብሳቢው መነጽር አድርጎ አነሣ መቀሱን።
ያ መልካም ሰው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ሊዘንብ ነው እንዴ?» አለኝ።
«ከጦሳ በኩል ከሆነ፣ አዎ» አልኩት።
የቀረውን ግን ዋጥኩኝ።